ሙቀቱን የት ደፋችሁት?

(በኮምቦልቻ ለቤት ባለቤቶች፣ ለአከራዮች፣ ለግንበኞችና ለኤሲ ገጣሚዎች ከተደረገ ንግግር በጽሑፍ የቀረበ)

እንደምን ዋላችሁ? አሰላሙ ዓለይኩም፤ ጤና ይስጥልኝ። እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በዚህ በግንቦት ፀሐይ ሥራችሁን ጥላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከደሴ ሐረጎን ወርዳችሁ የመጣችሁት ገና ከበሩ ሹራብ ማውለቅ ጀምራችኋል፤ አያለሁ። አይፈረድባችሁም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲቀንስ አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይሞቃል። በዚያች በአጭር ጠመዝማዛ ቁልቁለት እናንተ ስትወርዱ ሙቀቱ 4 ዲግሪ ወጣ ማለት ነው።

የማነሳው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ኤሲ የሚባለው የአየር ማቀዝቀዣ ማሽን ሙቀትን ምን ያደርገዋል? ሁለተኛ፣ ያ ሙቀት ከተማን ያሞቃል ወይስ ወሬ ነው? ሦስተኛ፣ እኛ እዚህ ኮምቦልቻ፣ እናንተም እዚያ ደሴ፣ ምን ብናደርግ ይሻላል? ሦስተኛው ላይ እቆያለሁና ገጣሚዎች አደራ፣ ቡና ልጠጣ ብላችሁ እንዳትወጡብኝ።

ወደ አንደኛው ልግባ። ኤሲ ቅዝቃዜ አይሠራም። ልድገመው፤ ኤሲ ቅዝቃዜ አይሠራም። ቅዝቃዜ የሚባል የሚመረት ዕቃ የለም። ማሽኑ የሚያውቀው አንድ ሥራ ነው፤ ሙቀትን ከአንድ ቦታ አንስቶ ሌላ ቦታ መጣል። በሙያው ስሙ የሙቀት ፓምፕ የሆነውም ለዚህ ነው። የውሃ ፓምፕ ከጉድጓድ ወደ ታንከር እንደሚገፋው፣ ይኼኛው ከቤት ወደ ደጅ ይገፋል። ማታ ቤት ስትገቡ ከፍሪጁ ጀርባ እጃችሁን ስደዱ። የሚሞቀው ከወተቱና ከአትክልቱ ላይ የተነሣው ሙቀት ነው፤ የሞተሩም ተጨምሮበታል። ሲሞቀው የፍሪጅ በር ከፍቶ ፊቱ የሚገተር ባለሱቅ የለም? ፊቱ ቀዘቀዘ፤ ሱቁ ግን ሞቀ።

ክረምት ላይ ጎርፍ ቤቱ የገባበትን ሰው አስቡ። በባልዲ እየቀዳ በአጥር ላይ ወደ ጎረቤት ግቢ ይደፋል። ውሃው ጠፋ? አልጠፋም። ጎረቤቱም ባልዲ አለው፤ እሱም ይደፋል። ከፊሉ በአጥሩ ሥር ሾልኮ ተመልሶ ይመጣል። ሁለቱ ሲቀዳዱ ያድራሉ። እንግዲህ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ፊት ለፊት የተሰቀሉ ኤሲዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ መስኮቱ እንይ። ከዚህ አዳራሽ ጎን ያለችው ቢሮ የማቀዝቀዝ አቅሙ 12,000 ቢቲዩ የሆነ ስፕሊት፣ ማለትም አንዱ ክፍሉ ቤት ውስጥ ሌላው ውጭ የሚሰቀል ኤሲ፣ ተገጥሞላታል። ወንድማችን ውጭ ባለው ክፍል አጠገብ ሁለት ቴርሞሜትር ይዞ ቆሟል፤ አንዱ አየር በሚገባበት በጀርባ፣ ሌላው ከፋኑ ፊት። እስቲ አንብብልን። የሚገባው ስንት ነው? 29። የሚወጣውስ? 38። ሰማችሁ? 9 ዲግሪ ጨምሮበት ወጣ።

የዚህን ሂሳብ ልዘርዝረው። በሰዓት 12,000 ቢቲዩ ማለት 3.5 ኪሎ ዋት ሙቀት ከክፍሉ ያነሣል ማለት ነው። ያንን ለማንሣት ደህና ማሽን 1 ኪሎ ዋት ገደማ መብራት ይበላል። ያ መብራት የት ሄደ? እሱም ሙቀት ሆነ። ስለዚህ ውጭ የሚጣለው 3.5 ሲደመር 1፣ 4.5 ኪሎ ዋት ነው። እናቶቼ፣ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣዳችሁ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። ከመስኮታችሁ ውጭ የተሰቀለች አንዲት ኤሲ፣ እየሠራች ባለችበት ሰዓት ሁሉ፣ አክምባሎው ከተነሳ ምጣድ የበለጠ ሙቀት ወደ መንገዱ ትተፋለች። ቆሻሻ ማሽን ወይም አሮጌ ከሆነ ለዚያው ሥራ 1.4 ኪሎ ዋት ይበላል፤ የሚጣለውም ወደ 5 ይጠጋል።

አንድ ነገር ደግሞ የኛ ነው። ይህችው ማሽን ጅቡቲ ወደብ ላይ ብትሆን አየሩን የምታሞቀው በ7 ዲግሪ ገደማ ነበር። እዚህ 9 የሆነው ለምንድን ነው? አየራችን ስስ ስለሆነ። ኮምቦልቻ ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል 80 በመቶ ገደማ ነው፤ ደሴ ላይ 75 በመቶ አይሞላም። ፋኑ የሚያንቀሳቅሰው የአየር መጠን ያው ነው፤ በዚያ አየር ውስጥ ያለው ክብደት ግን አንሷል። ሙቀት የሚሸከመው ክብደቱ ነው። አሥር አህያ ሲጭንለት የነበረ ነጋዴ ስምንት ቢቀርበት፣ በእያንዳንዱ ላይ ጭነቱ ይበዛል። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው አቅም እዚህ ከ5 እስከ 10 በመቶ ቢያንስ አትደነቁ፤ የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው።

ሁለተኛው ነጥቤ፣ ይህ ሙቀት ከተማን ያሞቃል ወይ? የሚለው ነው።

አንድ ብልህ ሰው እንዲህ ይላል፦ «እኔ ያስወጣሁት ሙቀት እኮ ከውጭ የገባብኝ ነው። በግድግዳና በጣሪያ ገባ፤ በኤሲ መለስኩት። ምን ጨመርኩ?» ንግግሩ አብዛኛው ልክ ነው። ከ4.5ቱ ውስጥ 3.5ቱ የተመለሰ ዕዳ ነው ብንል ያስኬዳል። 1 ኪሎ ዋቱ ግን ከውጭ አልገባበትም፤ በሽቦ ነው የመጣው። በግድብ ውሃ ላይ የነበረ ጉልበት ኮምቦልቻ ድረስ ተጉዞ ሰፈር ውስጥ ሙቀት ሆኖ ቀረ። ለከተማው አዲስ ሙቀት ይህ ነው። የቀረው 3.5 ደግሞ መጠኑ ባይጨምርም ሰዓቱንና ቦታውን ይቀይራል። በግድግዳ ተኝቶ ቀስ ብሎ ይወጣ የነበረው ሙቀት አሁን በአንድ ቀዳዳ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ ሰው በሚያልፍበት ቁመት ይወጣል።

መጠኑን እንገምት። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ውስጥ 1,000 ኤሲዎች አብረው ቢሠሩ፣ አዲሱ ሙቀት 1,000 ኪሎ ዋት ነው። ለመሬቱ ሲካፈል በካሬ ሜትር 1 ዋት ይደርሰዋል። የእኩለ ቀን ፀሐይ ለዚያው ካሬ ሜትር ስንት ትሰጣለች? ጥርት ባለ ቀን ወደ 1,000 ዋት ትጠጋለች! አንድ ለሺህ። ስለዚህ ቀን ቀን ኮምቦልቻን ያሞቀው ኤሲ ነው የሚል ሰው ሲገጥማችሁ አትመኑት። ቀን የሚያሞቀን የዛገ ቆርቆሮ፣ ጥቁር አስፋልትና የተቆረጠ ዛፍ ነው። ይህን በግልጽ ልናገር፤ ምክንያቱም ሰው ጥፋቱን ማሽን ላይ ጭኖ ግቢው ውስጥ የነበረችውን ዋንዛ ሲቆርጥ አያለሁ።

ማታ ግን ሌላ ነገር ነው። ማታ ግን ሌላ! ቀን ላይ ፀሐይ ያሞቀችው አየር እየፈላ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከታች የጣላችሁት ሙቀት ከ1,000 ሜትር በላይ በሆነ የአየር ክምችት ውስጥ ይበተናል። ፀሐይ ስትጠልቅ መፍላቱ ይቆማል፤ ሙቀቱ የሚቀላቀልበት አየር 100 ወይም 200 ሜትር ብቻ ይሆናል። ያንኑ 1 ዋት ውሰዱና 100 ሜትር ከፍታ ባለው አየር ውስጥ ለ8 ሰዓት ጨምሩት፤ አየሩ ባይንቀሳቀስ 0.3 ዲግሪ ያሞቀዋል። ቀን በ1,500 ሜትር ቢበተን 0.02 ነበር። ሙቀቱ የሚጨመርበት ሳህን በ15 እጥፍ አነሰ ማለት ነው። ኤሲዎቹ 1,000 መሆናቸው ቀርቶ 5,000 ቢሆኑስ? ነፋስ ካልወሰደው 1.5 ዲግሪ።

ይህ የወረቀት ስሌት ብቻ አይደለም። ስለ ፓሪስ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ በሞቃት ቀናት የኤሲ ሙቀት የመንገዱን አየር እንደ ማሽኑ ብዛትና ዓይነት ከ0.5 እስከ 2 ዲግሪ እንደሚያሞቅ በሞዴል አሳይቷል። አሜሪካ ውስጥ ፊኒክስ በምትባል የበረሃ ከተማ ላይ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ደግሞ በአንዳንድ ሰፈሮች ሌሊቱ ከ1 ዲግሪ በላይ እንደሚሞቅ አሳየ። ሁለቱም ከተሞች ከኛ እጅግ የጠበቀ የማሽን ብዛት አላቸው። እኛ ገና ነን። ገና መሆናችን ጥቅም ነው፤ ፎቁ ሳይሠራ ቀዳዳውን ማሰብ ይቻላል።

ኮምቦልቻ ደግሞ ሜዳዋ በተራራ የተከበበ ነው። ሌሊት የቀዘቀዘ አየር ከየጎፍ ተራራ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ የቦርከናን ሸለቆ ተከትሎ ይፈሳል። ያ አየር የኛ ነፃ ኤሲ ነው። መንገዱን በረጅም ግንብ አጥርና በተጠጋጉ ፎቆች ስንዘጋው በነፃ የነበረውን በብር ልንገዛው ነው።

ሦስተኛው። ምን እናድርግ?

ኮምቦልቻ ላይ ሰኔ ቀኑ 30 ገደማ ቢደርስ፣ ሌሊቱ ወደ 15 ይወርዳል። እንዲህ ቀንና ሌሊቱ በሚራራቅበት አገር ሰው ሌሊት ኤሲ የሚከፍተው ለምንድን ነው? ከላይ ሶሌታ ስላለበት። የላይኛው ፎቅ ሶሌታ እኩለ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ወደ ውስጥ መትፋት የሚጀምረው ከአራት አምስት ሰዓት በኋላ ነው፤ ልጆች ሊተኙ ሲሉም ገና አልጨረሰም። ክፍሉ 28፣ ደጁ 18! ሰውየው መስኮቱን ዘግቶ፣ ሙቀቱን በማሽን እየገፋ፣ እየከፈለ፣ ቀዝቃዛው አየር ደጅ ላይ ቆሞ ያያል። መስኮት ክፈቱ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ይከፈት፣ ጧት 3 ሰዓት ሳይሞላ ይዘጋ፣ መጋረጃው ይውረድ። አንድ መስኮት ብቻ አይበቃም፤ አየር መግቢያና መውጫ ይፈልጋል፤ በተቃራኒ ግድግዳ ቢሆን ጥሩ፣ ካልሆነ ከበር በላይ ያለችው ፊናስትሪኖ ትከፈት። «ሌባስ?» ፍርግርግ። «ወባስ?» ልክ ናችሁ፣ ኮምቦልቻ የወባ አገር ናት፤ ፍሬሙ ላይ የትንኝ መረብ ይወጠር፣ ጠርዙ ክፍተት እንዳይኖረው። አየር ካልመጣ ፋን ጨምሩ። የኮርኒስ ፋን 70 ዋት ገደማ ነው የሚበላው፤ ኤሲው 1,000። እዚህ ላይ ክርክር አያስፈልግም።

ቆርቆሮ ላለው ደግሞ፦ አዲስ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል፣ ፀሐይን ይመልሳል፤ ግን የያዘውን ሙቀት በጨረር ለሰማይ መልቀቅ አይሆንለትም። ሲዝግ ያንኑ ፀሐይ ይጠጣዋል። ነጭ ቀለም ሁለቱንም ይፈታል፤ ፀሐዩን ይመልሳል፣ የቀረችውን ሙቀት ይለቃል። አሠራሩ፦ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ይፈግ፣ በውሃ ይታጠብ፣ ሙሉ ቀን ይድረቅ፣ አንድ እጅ አንቲረስት ይቀባ፣ ከዚያ ሁለት እጅ ነጭ የውጭ ቀለም። 1 ሊትር በአንድ እጅ 10 ካሬ ገደማ ይሸፍናል፤ 60 ካሬ ጣሪያ ለሁለት እጅ 12 ሊትር ይፈልጋል። ጥፋቱ የት ነው? ሳይታጠብ አቧራው ላይ መቀባት፤ በመጀመሪያው ክረምት እንደ ሽንኩርት ቅርፊት ይላጣል። ሁለተኛው ጥፋት፣ በእኩለ ቀን የጋለ ቆርቆሮ ላይ መቀባት፤ ቀለሙ ሳይዝ ይደርቃል። በኖራ ለማድረግ የምትፈልጉ፣ ለሶሌታ ይሆናል፣ በየዓመቱ ይደገማል፤ ቆርቆሮ ላይ ግን አይዝም።

ከቀለሙ በፊት እንኳ፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ያለውን አየር አስወጡት። በሁለቱም ጫፍ፣ ከጣሪያው ሦስት ማዕዘን ላይ ቀዳዳ ይከፈት፤ አይጥና ወፍ እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ ይሁንበት። ብዙ ቤት ያ ቦታ ታፍኖ ቀኑን ሙሉ እንደ ምድጃ ይግላል።

ዛፍ። አንድ በደንብ ውሃ ያገኘ ትልቅ ዛፍ በቀን 100 ሊትር ውሃ በቅጠሉ ቢያተን፣ ያ ትነት 68 ኪሎ ዋት ሰዓት ሙቀት ይወስዳል። 12,000 ቢቲዩ የሆኑ ሁለት ኤሲዎች እያንዳንዳቸው 10 ሰዓት ሠርተው የሚያነሡት 70 ነው። ልዩነቱ ዛፉ ወደ ጎረቤት ምጣድ አይጥድም። ታንከር ሞልቶ የማይገኝበት ሰፈር ግን ሥሩ ራሱ ውሃ የሚያገኝ ዛፍ እንጂ በየቀኑ የሚጠጣ ሣር አትትከሉ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ኤሲ ያስፈለጋችሁ አላችሁ። የመድኃኒት ቤት አለ፣ ኮምፒውተር ቤት አለ፣ በሽተኛ ያለበት ቤት አለ፣ ከፋብሪካ አዳሪ ወጥቶ ቀን የሚተኛ ሰው አለ። አልከለክልም። አሁን ገጣሚዎች ቅረቡ።

የውጩ ክፍል ቦታ ከሁሉም ይቀድማል። የሚገባው አየር በ1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር የማሽኑ ብቃት ከ2 እስከ 3 በመቶ ይወርዳል። አሁን አንድ ጠባብ መተላለፊያ አስቡ፤ ግራና ቀኝ ፎቅ፣ ስፋቱ 2 ሜትር፣ በአንዱ ግድግዳ አራት ማሽን፣ በሌላው አራት፣ ፊት ለፊት ሲነፋፉ። አንዷ የተፋችውን 38 ሌላዋ ትስባለች፤ 47 አድርጋ ትመልሳለች። ብቃቱ ሩቡን አጣ፣ ቆጣሪው ሮጠ፣ የጣለችውም ሙቀት ጨመረ። ከዚያ ባለቤቱ «ጋዙ አልቋል» ይላል፤ ገጣሚው ይመጣና ጋዝ ይጨምራል፤ ግፊቱ ይብሳል፤ ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕሬሰር በሙቀት መከላከያው ይቆማል። ጋዙ አልጎደለም ነበር! የጎደለው አየር ነው።

ስለዚህ፦ ከጀርባ ከግድግዳ ቢያንስ 15 ሴንቲ፣ ቢቻል 30። ከፊት ቢያንስ 1 ሜትር ባዶ፣ ፊት ለፊት ሌላ ማሽን ካለ በጭራሽ። አንዱ በሌላው ራስ ላይ አይሰቀል፤ የታችኛው የሚተፋው ወደ ላይ ነው የሚሄደው። በመስታወት የተዘጋ በረንዳ ውስጥ አይገባም። የዛገ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይም አይቀመጥም፤ ቦታው ነፃ ይመስላል፣ ነገር ግን ከቆርቆሮው የሚነሣውን የጋለ አየር ነው የምትስበው። ጥሩው ቦታ ከመንገደኛ ራስ በላይ፣ በጥላ በኩል፣ ሰፊ ግቢ ወይም ክፍት መንገድ የሚያይ ግድግዳ ነው። አከራዮች፣ ይህ የናንተ ሥራ ነው። ፎቁ ሲነደፍ የማሽኑን ቦታ በፕላን ላይ አስቀምጡ፤ ተከራይ በየመስኮቱ ግድግዳ እንዲበሳ አትተዉት።

አሁን ይህችን ቁራጭ ቧንቧ ተቀባበሉልኝ። አፏን በጣት ዳብሱ፤ ፍሌሯ ላይ፣ ማለትም ለመገጣጠሚያ ተብሎ በሰፋው አፏ ላይ፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች። ከየት መጣች? ቧንቧው ሲቆረጥ ውስጡ የቀረው ስለታም ጠርዝ ስላልተፋቀ። ስትፍቁ ደግሞ አፉን ወደ ታች አድርጉ፤ ብናኙ ወደ ውስጥ ከገባ ቫልቭ ይደፍናል። ነቱን አስቀድማችሁ አስገቡ፤ ፍሌር ከመታ በኋላ ነቱ መሬት ላይ እንዳለ ያስታወሰ ብዙ ነው፣ አትሳቁ። ስትጠብቁ በጉልበት አይደለም፤ የሩብ ኢንቹ ከ14 እስከ 18 ኒውተን ሜትር፣ የ3 ስምንተኛው ከ34 እስከ 42። በጉልበት የጠበቀ ነት ዛሬ አያፈስም፤ መዳቡ ሳስቶ ከሁለት ክረምት በኋላ ያፈሳል።

ማፍሰሱ ለምን የከተማ ጉዳይ ሆነ? በኤሲ ቧንቧ ውስጥ እየዞረ ሙቀቱን የሚሸከመው አር 410ኤ የተባለው ጋዝ 1 ኪሎ አየር ላይ ቢለቀቅ፣ በ100 ዓመት ሲሰላ እንደ 2,088 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምድርን ያሞቃል። አር 32 የተባለው ሌላው የኤሲ ጋዝ እንደ 675። መብራታችን በአብዛኛው ከውሃ ስለሚመጣ፣ እዚህ አገር የኤሲ ትልቁ የአየር ንብረት ጥፋት ቆጣሪው ላይ አይታይም፤ በፍሌሩ ነው የሚወጣው። ዓለም በ2016 እ.ኤ.አ. ኪጋሊ ላይ እነዚህን ጋዞች ደረጃ በደረጃ ለመቀነስ የተስማማው ለዚህ ነው። ስለዚህ አየሩን ከቧንቧ ለማስወጣት ጋዝ ለቅቆ መንፋት የሚባለው ልማድ ይቅር! እርጥበቱንም አያወጣም። እርጥበት ከዘይቱ ጋር አሲድ ይሆናል፣ አሲዱ የሞተሩን ሽቦ ይበላል።

መጀመሪያ በናይትሮጅን ፈትሹ፤ ግፊቱን ደረጃ በደረጃ ከፍ አድርጉ፣ በየመገጣጠሚያው የሳሙና አረፋ። ናይትሮጅን አጣሁ ብላችሁ ከብየዳ ቤት ኦክስጅን እንዳታመጡ፤ ከኮምፕሬሰሩ ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል፣ ሰው ይገድላል። ከዚያ ቫኪዩም፤ በፓምፕ ስባችሁ ቧንቧውን ከአየር ባዶ ማድረግ። እዚህ ላይ የኛን ከፍታ የማያውቅ ይሳሳታል። መመሪያው መርፌው ወደ -1 ባር ይውረድ ይላል። ኮምቦልቻ ላይ አይወርድም! የአየሩ ግፊት ራሱ 0.81 ባር ገደማ ስለሆነ፣ ምርጥ ፓምፕ ብታስሩ መርፌው -0.81 አካባቢ ላይ ይቆማል፤ በኢንች ሜርኩሪ 24 ገደማ። ደሴ ላይ 22 ገደማ። ፓምፑ ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትጥሉት፣ ያፈሳል ብላችሁም ደህናውን ፍሌር እንዳትፈቱ። መርፌ ጌጅን ትታችሁ፣ የቀረችውን ጥቂት ግፊት በሚለካው በማይክሮን ጌጅ ለኩ፤ 500 ማይክሮን ይድረስ፣ ፓምፑ ይዘጋ፣ 15 ደቂቃ ይጠበቅ። ንባቡ በፍጥነት ከወጣና ካልቆመ ቀዳዳ አለ፤ ትንሽ ወጥቶ ከቆመ እርጥበት ነው፣ ደግማችሁ ሳቡ።

የጎደለ አር 410ኤ በግምት አይሞላም፤ በሚዛን ነው፣ ሲሊንደሩ በፈሳሽ በኩል። ለብቻው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ 16 አምፔር ብሬከር፣ ኧርዝ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የሚያቆይ መከላከያ። እነዚህን ታውቃላችሁ፣ ልለፋቸው።

ተጠቃሚዎች፣ ሪሞቱን 18 ላይ አታድርጉት። ደጁ 29 ሲሆን 26 ካደረጋችሁ ልዩነቱ 3 ዲግሪ ነው፤ 20 ካደረጋችሁ 9። በግድግዳ የሚገባባችሁ ሙቀት ሦስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። 18 ማድረግ ቶሎ አያቀዘቅዝም፤ ብዙ ጊዜ ያሠራል እንጂ።

የደሴ ሰዎች፣ እናንተን ረሳሁ መሰላችሁ? ደሴ ላይ ለማቀዝቀዝ ኤሲ መግዛት፣ ይቅር በሉኝና፣ ብርን ወደ አዝዋ ገደል መወርወር ነው። ነገር ግን ይኸው ፓምፕ ወደ ኋላም ይዞራል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት፣ የጦሳ ተራራ ብርዱን ሲልክባችሁ፣ ማሽኑ ከደጁ ከቀዝቃዛው አየር ሙቀት ለቅሞ ወደ ቤት ያስገባል። የሽቦ ማሞቂያ 2 ኪሎ ዋት ሙቀት ለመስጠት 2 ኪሎ ዋት ይበላል፤ ይኼ 700 ዋት ገደማ። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ አድርጎ ከመተኛትማ አይነጻጸርም፤ የከሰል ጭስ አልባው መርዝ ሳያስነቃ ነው የሚወስደው።

ስትገዙ ሁለቱንም የሚሠራ መሆኑን አረጋግጡ፤ ማቀዝቀዝ ብቻ የሚያውቁም ይሸጣሉ። ሪሞቱ ላይ የፀሐይ ምልክት መኖሩ አይበቃም፤ ሪሞት ለብዙ ሞዴል አንድ ነው። የውጩ ክፍል ተከፍቶ የጋዙን አቅጣጫ የሚያዞር ባለ አራት መንገድ ቫልቭ እንዳለው ባለሙያ ይይ። ሌሊት ደጁ 5 ዲግሪ ሲሆን የውጩ ክፍል አመዳይ ይይዛል። ያኔ ማሽኑ ለ5 ወይም 10 ደቂቃ ማሞቁን አቁሞ አመዳዩን ያቀልጣል፤ እንፋሎት ይወጣል፣ ውሃ ይንጠባጠባል። ተቃጠለ ብላችሁ አትንቀሉት፤ ሥራው ነው። ውሃው ግን መሄጃ ይኑረው፤ የጎረቤት በር ላይ ከሆነ ጧት ጭቃውን ረግጦ የሚመጣው እሱ ነው።

የቀረውን ከአዳራሹ ውጭ እንጨርሰው። ያቺን 38 የነፋችብንን ማሽን አጥፍተን፣ ብሬከሯን አውርደን እናጥባታለን። ባልዲና ለስላሳ ብሩሽ አዘጋጅተናል። የላቫጆ መሣሪያ አላመጣሁም፤ ግፊቱ ክንፎቹን አስተኝቶ ያችኑ አየር ይዘጋባችኋል። ውሃው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚረጨው፤ አቧራው በገባበት ይውጣ። ስትደርቅ እንደገና እናስነሣታለን። ወንድሜ፣ ቴርሞሜትሮቹን እንዳታነሣቸው።